ከታላላቅ መሥሪያ ቤቶች የወጡ ሃርድ ዲስኮች በግለሰብ እጅ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

የዚህ ጥናት መነሻ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ በጎግ ወረዳ፣ በፑኝዶ ከተማና በጊሎ ወንዝ አካባቢ ባሉ መንደሮች እየተዘዋወርሁ፣ ጠመንጃ ወደ አኙዋክ አገር እንዴት እንደ ገባ ከሽማግሌዎች አፍ የቀዳሁት ድምፅ ነው። ሁለተኛው፣ ያን ድምፅ ላኖርበት ብዬ ከአዲስ አበባ ገበያ የገዛሁት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። ዲስኩ በፊት የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ንብረት ነበረ። መሥሪያ ቤቱ መሣሪያዎቹን በአዲስ ሲለውጥ አሮጌዎቹን አወጣቸው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ቆይተው አንዱ ለእኔ ደረሰኝ። መጀመሪያ ላይ በሁለቱ ነገሮች መካከል አንዳች ዝምድና ያለ አልመሰለኝም ነበር። ዳሩ ግን በአንድ በኩል ሽማግሌዎቹ ስለ ጠመንጃው የነገሩኝን እየሰማሁ፣ በሌላ በኩል ከዲስኩ ጋራ እየታገልሁ ስሰነብት፣ የአንድ ዓይነት ታሪክ ሁለት ምዕራፎች በእጄ ያሉ መሰለኝ።

የጥናቱን ርእስ ለመምህሬ ባቀረብሁላቸው ጊዜ፣ «ይህ የመካኒክ ነገር ነው እንጂ የታሪክ ተማሪ ነገር ነወይ?» ብለውኝ ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እኔ ግን አንድ ዕቃ ለማን ተሠርቶ በማን እጅ እንዳረጀ መመርመር የታሪክ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። አንባቢ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ነው።

ሃርድ ዲስክ መግነጢስነት ባለው ነገር የተለበጠ፣ እንደ ሙዚቃ ሸክላ ክብ የሆነ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው በሞተር ይሽከረከራል፤ ከላዩ ላይ ደግሞ ትንሽ የማንበቢያና የመጻፊያ ራስ፣ ሰሌዳውን ሳይነካ በአየር ላይ ተንሳፎ ይመላለሳል። የመጀመሪያውን በ1956 ያወጣው አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ ሥራው የተከናወነው በካሊፎርኒያ፣ በሳን ሆዜ ከተማ፣ በሬይኖልድ ጆንሰን መሪነት ነበረ። ራማክ የተባለው የዚህ መኪና ዲስክ እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ሰሌዳዎች ነበሩት። ክብደቱ አንድ ቶን ያኽል ሆኖ ሳለ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበረ። ዛሬ በስልክ የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ይህን ያኽል ቦታ ትይዛለች። የመኪናው ኪራይ በወር 3,200 የአሜሪካ ዶላር ነበረ።

«ኪራይ» የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበል። ኩባንያው መኪናዎቹን ማከራየት እንጂ መሸጥ አይወድም ነበር። የሚከራይ ዕቃ ሲያረጅ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል እንጂ ወደ ገበያ አይወጣም። ነገር ግን በዚያው በ1956፣ በጥር ወር፣ የአሜሪካ መንግሥት በኩባንያው ላይ አቅርቦት የነበረው የሞኖፖል ክስ በስምምነት ተዘግቶ፣ ኩባንያው መኪናዎቹን ለሚፈልግ ሰው እንዲሸጥም ተገደደ። ያገለገለ የኮምፒዩተር ዕቃ ገበያ በሰፊው ሊኖር የቻለው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክና የአሮጌ ዕቃው ገበያ መነሻ በአንድ ዓመት ተወለዱ ማለት ነው። (በነገራችን ላይ 1956 ለእኛም ለጋምቤላ ሰዎች የማይረሳ ዓመት ነው። በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የተቋቋመው የንግድ ጣቢያ፣ ሱዳን ነጻ ስትወጣ ያበቃለት በዚያን ጊዜ ነው። ክረምት ሲሆንና ወንዙ ሲሞላ ብቻ ከካርቱም ይመጡ የነበሩትን መርከቦች አያቶቻችን ያስታውሱ ነበር።)

ከዚህ ቀጥሎ የሚታወሰው ዓመት 1973 ነው። በዚህ ዓመት አይ ቢ ኤም 3340 የሚል ቁጥር የተሰጠውን ዲስክ አወጣ። ሰሌዳዎቹና የማንበቢያው ራስ አቧራ እንዳይገባባቸው በአንድነት ተዘግተው የተሠሩ ነበሩ፤ ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ዲስክ ሁሉ የዚህ ዘር ነው። መሐንዲሶቹ ሲያቅዱት እያንዳንዳቸው 30 ሜጋባይት የሚይዙ ሁለት ክፍሎች እንዲኖሩት አስበው ነበርና «ሠላሳ ሠላሳ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። የሥራው ኃላፊ የነበረው ኬን ሆውተን ይህን ሲሰማ፣ ሠላሳ ሠላሳ የሚባለው የታወቀ የዊንቸስተር ጠመንጃ መሆኑ ትዝ ብሎት ዲስኩን ዊንቸስተር አለው። ስሙም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሃርድ ዲስክ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቆየ። እኔ ይህን ያነበብሁት ከፑኝዶ ተመልሼ ስለ ጠመንጃ የተቀዳውን ድምፅ በምሰማበት ሳምንት ስለ ነበረ ብቻዬን ሳቅሁ።

እንግዲህ ወደ ጠመንጃው ልመለስ። በጎግ ሽማግሌዎች ዘንድ ስሙ ተደጋግሞ የሚነሣው ጠመንጃ ውጅግራ ነው። ይህ ጠመንጃ በፈረንሳይ ጦር ዘንድ በ1874 ሥራ ላይ የዋለው ግራ የሚባለው መሣሪያ ነው፤ በፈረንሳይኛ «ፉዚ ግራ» የሚባለው በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። 11 ሚሊሜትር ጥይት አንድ በአንድ እየጎረሰ የሚተኩስ ነው። በ1886 ፈረንሳዮች ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰውን ለበልን ሲይዙ፣ ግምጃ ቤታቸውን ሞልቶት የነበረው ውጅግራ በአንድ ጊዜ ያረጀ ዕቃ ሆነ። ጠመንጃው አልተሰበረም፤ የተቀየረው የባለቤቱ ፍላጎት ነው። ነጋዴዎች እየገዙ በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አድርገው ወደ አገራችን አስገቡት። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1887፣ ገጣሚው አርቱር ሬምቦ ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎች ለምኒልክ ይዞ ቢመጣ፣ ዕቃው ያረጀ በመሆኑ ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ቀርቷል። የሸዋ ሰዎች የአሮጌና የአዲስ ጠመንጃን ልዩነት አሳምረው ያውቁ ነበርና። ውጅግራ ግን የጥይቱ ቀለህ ብረት በመሆኑ ተወደደ፤ በ1896 በአድዋ ጦርነት ላይም ከኢትዮጵያውያን እጅ በብዛት ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ እርሱ ነበረ።

ከደጋው ወደ አኙዋክ አገር የመጣው በዝሆን ጥርስ ንግድ ነው። በጎሬ በኩል ጠመንጃው ይወርዳል፤ የዝሆን ጥርሱ ይወጣል። በአኙዋክ አገር በስተ ደቡብ ምሥራቅ ያሉት መሳፍንት ጠመንጃውን ተከታይ ለማብዛት ተጠቀሙበት። በ1912 የእንግሊዝና የግብጽ ጦር በአዶንጋ ላይ አደጋ ጥሎ በአክዌይ ዋ ቻም ሰዎች ከባድ ጉዳት የደረሰበት፣ በአብዛኛው አውሮፓ «አሮጌ ነው» ብሎ ባወጣው መሣሪያ ነው። የውጅግራ ጥይት በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር፤ የተተኮሰውም ቀለህ ተለቅሞ፣ ባሩድና እርሳስ ተደርጎበት እንደገና ይሞላ ነበር። አንድ የጊሎ ዳር ሽማግሌ ስለዚህ ሲነግሩኝ፣ «ቀለሁ አንድ ነው፤ ጥይቱ ግን ብዙ ነው፤ ልጄ፣ አንዱ ቀለህ ስንት ጊዜ እንደ ጮኸ የሚያውቀው ሞልቶ የሚተኩሰው ነው» አሉኝ። ይህን ቃል ኋላ ስለ ዲስኩ የሥራ ሰዓት ስናገር አስታውሰዋለሁ። በ1940 እና በ1941 የሥነ ሰብእ ሊቅ የነበረው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በዚሁ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች አካባቢ አኙዋኮችን ይዞ ከጣሊያኖች ጋር ሲዋጋ፣ መጀመሪያ የተሰጠው 15 ጠመንጃና ለእያንዳንዱ 50 ጥይት ብቻ ነበረ። የጎግ ሰው በጥቂትና ባገለገለ መሣሪያ ሥራ መሥራትን ያወቀው ዛሬ አይደለም።

አሁን ወደ ዲስኩ ታሪክ ልለፍ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። አሮጌ ዲስክ ከትልቅ መሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ ግል ኮምፒዩተር መግባቱን ስናይ፣ ነገሩ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ይመስለናል። እውነቱ ግን ዲስኩ መጀመሪያ ከታች ወደ ላይ መውጣቱ ነው። በ1980 ሲጌት የተባለው ኩባንያ (ያን ጊዜ ስሙ ሹጋርት ቴክኖሎጂ ነበረ) 5 ሜጋባይት የሚይዝ፣ በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ውስጥ የሚገባ ትንሽ ዲስክ ሠራ። ራማክ በአንድ ቶን ብረት የያዘውን ያኽል በአንድ እጅ በሚነሣ ሣጥን ያዘው። በ1983 አይ ቢ ኤም ራሱ 10 ሜጋባይት ዲስክ ያለበትን የግል ኮምፒዩተር አወጣ። እነዚህ ትንንሽ ዲስኮች በብዛት በመሠራታቸው ዋጋቸው እየወደቀ ሄደ። በ1988 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ አንድ ጽሑፍ አቅርበው፣ በአንድ ውድና ትልቅ ዲስክ ፈንታ ብዙ ርካሽ የግል ኮምፒዩተር ዲስኮችን በአንድነት አሰልፎ፣ አንዱ ቢሞት የቀሩት የእርሱን ጽሕፈት እንዲተኩ ማድረግ እንደሚቻል አስረዱ። ይህ አሠራር ሬይድ ይባላል። በስሙ ውስጥ ካሉት ፊደሎች አንዱ «ርካሽ» የሚለውን ቃል ይወክል ነበር፤ ነጋዴዎች ግን ውድ ሣጥን እየሸጡ ርካሽ የሚለው ቃል ስላልተመቻቸው ቃሉን «ራሱን የቻለ» በሚል ለወጡት። በ1990 ኢ ኤም ሲ የተባለው ኩባንያ በዚህ መንገድ ትንንሽ ዲስኮችን የደረደረ ትልቅ ማከማቻ አውጥቶ የአይ ቢ ኤምን ገበያ ተሻማ። ስለዚህ የግለሰቡ ዲስክ ወደ ትልቁ ቤት ገባ፤ እዚያም ልዩ ልብስ ለበሰ፤ ዛሬ ሲወጣ ያን ልብስ እንደለበሰ ነው የሚወጣው። የዛሬው ገዢ ችግር ሁሉ ከዚህ ልብስ የመጣ ነው።

ትልልቅ ቤቶች ዲስክ የሚያወጡት ስለ ተበላሸ ብቻ አይደለም። ለእንዲህ ያለው ዲስክ ፋብሪካው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ዋስትና የአምስት ዓመት ነው። ዋስትናው ሲያልቅ የጥገናው ውል ይወደዳል፤ አዲሱ ዲስክ ደግሞ በአንድ ቦታ የአሮጌዎቹን ብዙ እጥፍ ስለሚይዝ፣ የመብራቱና የማቀዝቀዣው ወጪ ሲታሰብ መለወጡ ያዋጣል። ስለዚህ ደህና የሆነው ከታመመው ጋራ አብሮ ይወጣል፤ ልክ ውጅግራ ለበል ሲመጣ እንደ ወጣው።

በአገራችን ያገለገለ ዕቃ ወደ ሌላ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ጥንታዊ ነው። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ ይገዛል፤ መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት ምድጃ፣ መጥረቢያና ማጠፊያ ሆኖ ዳግመኛ ይወለዳል። የኮምፒዩተር ዕቃም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ገባ። መንግሥትም ነገሩን አልተወውም፤ ኢትዮጵያ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወርበትን ሁኔታ የሚቆጣጠረውን የባዝል ስምምነት በ2000 ተቀብላለች፤ በአቃቂም አሮጌ ኮምፒዩተር የሚታደስበትና የሚፈታታበት ሥፍራ ተቋቁሟል፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425 ወጥቷል። ይሁን እንጂ እኔ የገዛሁበት ሱቅ ይህን ሁሉ የሚያውቅ አይመስለኝም። ነጋዴው ዲስኩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ፣ «የሰርቨር ነው፤ አይሞትም» አለኝ። ሁለቱም ቃሎች ሙሉ በሙሉ እውነት አልነበሩም፤ የወጣው ከሰርቨር ሳይሆን ከማከማቻ ሣጥን ነው፤ መሞትም እንደ ማንኛውም ዲስክ ይሞታል።

ዲስኩ 4 ቴራባይት የሚይዝ ነው። የመጀመሪያው ችግር መሰኪያው ነበረ። በተራ ኮምፒዩተር ያለው መሰኪያ ሳታ ይባላል፤ ይህ ዲስክ ግን ሳስ የሚባለው ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ ነገር ግን በሳታው ዲስክ ላይ ክፍት የሆነው ቦታ በሳሱ ላይ ተደፍኗልና ወደ ሳታ መሰኪያ አይገባም። የሳስ መቆጣጠሪያ የሳታን ዲስክ ይቀበላል፤ የሳታው ግን የሳሱን አይቀበልም። ስለዚህ አንድ አሮጌ የሳስ ካርድ ደግሞ መግዛት አስፈለገኝ። ካርዱን በአንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ውስጥ ሰካነው፤ ዲስኩም ተሽከረከረ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ዲስክ መኖሩን እያየ ሊጽፍበት እንቢ አለ።

ምክንያቱን ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀብን። ተራ ዲስክ ጽሕፈቱን የሚያስቀምጠው 512 ባይት በሆነ ቁራሽ ነው። ትልልቆቹ ማከማቻዎች ግን ቁራሹን 520 ባይት አድርገው፣ በተረፉት 8 ባይቶች ጽሕፈቱ እንዳልተበላሸ የሚመሰክር ማረጋገጫ ይጽፉባቸዋል። የግል ኮምፒዩተር ይህን ልማድ አያውቅም። መድኃኒቱ ኤስ ጂ ፎርማት በሚባል የሊነክስ ፕሮግራም ዲስኩን ከሥሩ እንደ አዲስ በ512 መከፋፈል ነው። ሥራው ለ4 ቴራባይት ዲስክ ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ መካከል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ዲስኩ «ፎርማቴ ተበላሽቷል» እያለ ምንም አያነብም፤ ከመጀመሪያው መጀመር ያስፈልጋል። ሌሊት ጀመርን። ሊነጋ ሲል መብራት ጠፋ። ጓደኛዬ ዲስኩ የሞተ መስሎት ይቅርታ ሲጠይቀኝ ዋለ፤ በማግሥቱ እንደገና ጀምረን በደህና አለቀ።

ለፑኝዶ የታሰበውን ሁለተኛ ቅጂ የምናኖርበት ሌላ ዲስክ ስንገዛ ተጠንቅቀን ሳታ የሆነውን መረጥን። እርሱ ደግሞ በጓደኛዬ ኮምፒዩተር ውስጥ ጭራሽ አልሽከረከር አለ። ወደ ሱቁ ልንመልሰው ስንል፣ በዩኤስቢ በሚሠራ የውጭ ሣጥን ውስጥ ብናደርገው ወዲያው ተነሣ። የነገሩ ምስጢር በኃይል መሰኪያው ሦስተኛ ጥፍር ላይ ነው። በአዲሱ ደንብ ይህ ጥፍር ትልልቅ ቤቶች ዲስክን ከሩቅ የሚያጠፉበት ሆኗል፤ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ኃይል ማከፋፈያ ደግሞ በዚያው ጥፍር በቀድሞው ልማድ 3.3 ቮልት ይልካል፤ ዲስኩ «ጥፋ» የተባለ ይመስለዋል። የውጭው ሣጥን ይህን ኃይል ስለማይልክ ዲስኩ ተነሣ። ጥፍሩን ሙቀት በሚችል ቴፕ መሸፈንም ይበቃል። እንዲህ ያለው ነገር አንድም ብልሽት የሌለበትን ዲስክ ስንት ሰው አስጥሎት ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

እንዲህ ያለ ዲስክ ይታመናልን? በዚህ ላይ ከነጋዴ ቃል ይልቅ የሊቃውንት ምርመራ ይሻላል። በ2007 ሽሮደርና ጊብሰን ባቀረቡት ጥናት፣ ፋብሪካዎቹ በወረቀታቸው ላይ በዓመት የሚሞተው ዲስክ ከመቶ 0.88 አይበልጥም ሲሉ፣ በተግባር የሚለወጠው ብዙውን ጊዜ ከመቶ 2 እስከ 4፣ አልፎ አልፎም እስከ 13 መሆኑን አሳይተዋል። ደግሞም መለወጡ በአንድ ዕድሜ ላይ በድንገት የሚመጣ ሳይሆን ከዓመት ዓመት እየጨመረ የሚሄድ ነው። በዚያው ዓመት የጎግል ሰዎች (ጎግ ከሚለው ስም ጋራ መመሳሰሉ በመንደራችን ሲያስቅ ይኖራል) ባወጡት ጥናት፣ በፍተሻ ላይ የመጀመሪያው ስሕተት የተገኘበት ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀኖች የመሞቱ ዕድል ስሕተት ካልተገኘበት ዲስክ 39 እጥፍ መሆኑን አስረድተዋል። ከዚህ የሚገኘው ምክር ቀላል ነው፤ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ መፈተሽ፣ አንድም ጉድለት ካሳየ አለመግዛት።

ዲስኩ ራሱ ስንት ሰዓት እንደ ሠራ ይመዘግባል። የእኔው 51,000 ሰዓት አልፎት ነበር፤ አምስት ዓመት ያለማቋረጥ መሥራት 43,800 ሰዓት ነውና፣ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። በኋላ የተገኙ ጉድለቶች የሚመዘገቡበት ቁጥር ግን ዜሮ ነበረ። ይሁንና ይህም መዝገብ ሊፋቅ ይችላል። በ2025 መጀመሪያ በአውሮፓ አዲስ ተብለው የተሸጡ የሲጌት ዲስኮች ብዙ ሺህ ሰዓት የሠሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ ተራው ቆጣሪ ወደ ዜሮ ተመልሶ ነበር፤ ፋብሪካው በውስጥ የሚይዘው ሌላ መዝገብ ግን እውነቱን ተናገረ። የጊሎው ሽማግሌ ስለ ቀለህ ያሉት ይህን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን በጠባይ ነው። የግል ኮምፒዩተር ዲስክ አንድ ቁራሽ ማንበብ ቢያቅተው ደጋግሞ፣ አንዳንድ ጊዜ ከደቂቃ በላይ፣ ይታገላል። የትልቅ ቤት ዲስክ ግን 7 ሰከንድ ያኽል ሞክሮ «አልቻልሁም» ይላል። በትልቁ ቤት ይህ ጥበብ ነው፤ ጓደኞቹ ያን ቁራሽ ከሌላ ቦታ ይተኩታልና ሥራው አይቆምም። ብቻውን በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲቀመጥ ግን የሚተካለት የለም። ስለዚህ ከትልቅ ቤት የወጣ ዲስክ የሚገዛ ሰው ሁለት መግዛት አለበት፤ አንድ ብቻ ለመግዛት ገንዘብ ያለው ሰው ግን አሮጌውን ትቶ ትንሽ አዲስ ቢገዛ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ሙቀቱም አለ፤ በፑኝዶ የቀትር ሙቀት ማራገቢያ በሌለው ሣጥን ውስጥ የሚዘጋ ዲስክ ይቃጠላል። በከፍታው በኩል ግን የእኛ አገር ይሻላል። የማንበቢያው ራስ የሚንሳፈፈው በአየር ነውና፣ አየሩ ከሚሳሳበት ከደጋው ይልቅ ቆላው ይመቸዋል፤ ፋብሪካዎቹም ሄሊየም ላልተሞላ ዲስክ የሚፈቅዱት እስከ 3,000 ሜትር ያኽል ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስሁ። ዲስኩን ከሥሩ ፎርማት ከማድረጋችን በፊት፣ ጓደኛዬ 520 መሆኑን ለማረጋገጥ ጥቂት ቁራሾችን እንዳሉ አነበበ። በማያው ላይ የወጣው በላቲን ፊደል የተጻፈ የሰው ስም ነበረ፤ ቀጥሎም የትውልድ ዓመት፣ የስልክ ቁጥር፣ ገንዘብ የሚመስል ቁጥር፤ ደግሞ ሌላ ስም። ዲስኩ ከብዙ ዲስኮች አንዱ ስለ ነበረ ጽሕፈቱ የተቆራረጠ ነው፤ ነገር ግን በአንዱ ቁራሽ ውስጥ ያለውን ለማንበብ የሌሎቹ እርዳታ አያስፈልግም ነበር። ያወጣው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደ ሆነ ለመገመት አልሞከርሁም፤ ብገምትም አልጽፈውም።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ አይደለም። በ2003 ጋርፊንክልና ሼላት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 158 ያገለገሉ ዲስኮች ገዝተው ሲመረምሩ፣ ከሚሠሩት 129 መካከል በትክክል የተጠረጉት 12 ብቻ ነበሩ፤ በቀሩትም ውስጥ ከአምስት ሺህ በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥር አገኙ። በ2022 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ሞርጋን ስታንሊ የተባለው ድርጅት ከአገልግሎት የወጡ መሣሪያዎችን ሳያስጠርግ ለሌላ እጅ በማሳለፉ ዲስኮቹ በሐራጅ ተሸጠው በመገኘታቸው፣ 35 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። እኛም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶልናል።

ጓደኛዬ «ቶሎ እናጥፋው» አለ። እኔ ግን ወዲያው «እሺ» አላልሁም፤ ይህንንም ስጽፍ አፍራለሁ። የታሪክ ተማሪ ነኝ። በአገሬ በጎግ የወረዳ ወረቀት በምስጥና በእሳት፣ በዝናብና በግጭት ሲያልቅ አይቻለሁ፤ አንድ የመቶ ዓመት ነገር ለማወቅ ሽማግሌ ፍለጋ በእግሬ የምዞረው ወረቀት ስለሌለ ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የቤተ መዛግብት አዋጅ ቁጥር 179 የሕዝብ መዝገብ በዘፈቀደ እንዳይጠፋ ለመጠበቅ የወጣ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተማሪ ይህን የስም ዝርዝር ቢያገኝ እንደ ወርቅ ያየው ነበር። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች በሕይወት አሉ፤ ስልካቸውም ይጠራል፤ ስማቸውን ለእኔ አላደራ ሰጡኝም። አንዱን ሕግ ለመፈጸም ሌላውን የሚያፈርስ ሁኔታ የተፈጠረው በሱቁ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን፣ ዲስኩ ከመሥሪያ ቤቱ በር ሳይጠረግና ሳይመዘገብ በወጣበት ቀን ነው። የሚቀመጠው ወደ ቤተ መዛግብት፣ የሚጠፋው ወደ መጥረጊያ መለየት የነበረበት እዚያ ነው። አጠፋነው። መላ ሰሌዳውን አንድ ጊዜ በዜሮ መሸፈን ለእንዲህ ያለው የመግነጢስ ዲስክ በቂ ነውና፣ ፎርማቱ ካለቀ በኋላ እርሱንም ጨመርንበት።

ከዚያ በኋላ የሽማግሌዎቹን ድምፅ ጻፍሁበት፤ በሁለተኛውም ዲስክ ላይ ገለበጥሁት። በእረፍት ጊዜ ሁለተኛውን ይዤ ወደ ፑኝዶ ወርጄ ለጊሎው ሽማግሌ የገዛ ድምፃቸውን አሰማኋቸው። ጸጥ ብለው ሰምተው ሲጨርሱ፣ ሣጥኑን በእጃቸው መዝነው «ይህ ቀድሞ የማን ነበረ?» አሉኝ። የአንድ ትልቅ ቤት ነበረ አልኋቸው። «ከአንተስ በኋላ ለማን ይሄዳል?» አሉኝ። አላውቅም አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው ቆልፈህ ስጥ» አሉኝ። በዚያው ምሽት ሁለቱም ቅጂዎች ያለ ምስጢር ቃል እንዳይከፈቱ አደረግሁ፤ የፑኝዶውን ቃል በወረቀት ጽፌ፣ ጽሕፈት ለምታውቀው ለልጅ ልጃቸው ሰጠሁ። ዲስኩ በእርሳቸው ቤት ከምስጥ ራቅ ብሎ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ በየስድስት ወሩ እየሄድሁ አስነሥቼ እፈትሸዋለሁ። ባለፈው ጊዜ ስፈትሸው አንድም ጉድለት አልነበረበትም።